«እህቴ ከአሥር ሴት ጋር ትመረመራለች፤ እኔ አምስት ደቂቃ ታይቼ እወጣለሁ!»

የዛሬው ደብዳቤ ከወትሮው ለየት ይላል። ፍቅረኛዬ ከዳኝ፣ ባሌ አመሸ፣ አከራዬ አስወጡኝ የሚል አይደለም። (አማት ግን አሉበት። አማት የሌሉበት ደብዳቤ ደርሶኝ አያውቅም።) ጠያቂያችን ስሟን አልጻፈችም፤ አድራሻም የለውም። ረዘም ስለሚል ትንሽ አሳጥሬ አቀርበዋለሁ። አንድ መስመር ግን ሳልነካ እንዳለ ትቼዋለሁ፤ ለምን እንደሆነ ስትደርሱበት ይገባችኋል።

«ለዓምዱ አዘጋጅ፣ የከበረ ሰላምታዬ ካሉበት ይድረስዎ። እኔ የ25 ዓመት ወጣት ስሆን በአንድ የግል ድርጅት ውስጥ ካሸር ነኝ። ካገባሁ ዓመት ከአራት ወሬ ነው። አሁን የሰባት ወር ነፍሰ ጡር ነኝ፤ የመጀመሪያዬ ነው። ክትትል የጀመርኩት ግን አምስት ወር ሲሞላኝ ነው፤ ምክንያቱም አማቴ ሆድሽ ሳይገፋ ለሰው አትናገሪ፣ ዓይን አለ ስላሉኝ ነው። ጤና ጣቢያ የሄድኩት ሁለት ጊዜ ብቻ ነው። ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ተሰልፌ አራት ሰዓት ተኩል ላይ ገባሁ። ውስጥ የቆየሁት አምስት ደቂቃ ቢሆን ነው። ሁለቱንም ጊዜ ያዩኝ ነርሶች የተለያዩ ናቸው። አንድ ጥያቄ ልጠይቅ ስል ደጅ ስንት ሰው እንዳለ አታይም ወይ ተባልኩ። ከዚያ ወዲህ አፌን ዘጋሁ። ሦስተኛውን ቀጠሮ ደግሞ አለቃዬ ፊቱን ስላጠቆረብኝ ቀርቻለሁ።

ታላቅ እህቴ አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ናት። የሚገርመው እሷም ነፍሰ ጡር ናት፤ እኔን በሦስት ሳምንት ትቀድመኛለች። እሷ የምትመረመረው ከአሥር ሴቶች ጋር ነው። ክብ ሠርተው ተቀምጠው ሁለት ሰዓት ያወራሉ አለችኝ። የደም ግፊቷን ራሷ ለክታ ራሷ ትጽፋለች። መጀመሪያ የማላውቀው ሰው ፊት ስለ ሆዴ አላወራም ብላ አልቅሳ ነበር፤ አሁን ቀኑ እስኪደርስ አታስችልም። ለባሌ ስነግረው የሀብታም አገር ቅብጠት ነው አለ። አማቴ ደግሞ እርጉዝ ከእርጉዝ ጋር ተሰብስቦ ሆዱን ሲያወራ ምን ጉድ ነው አሉ። እውነት ቅብጠት ነው? ለእኛስ አይሆንም? ሦስት ነፍሰ ጡር ጓደኞች አሉኝ፤ እኛው ተሰብስበን ብንሞክረውስ? በተረፈ ሰሞኑን ፊቴም እጄም አብጦ የቃል ኪዳን ቀለበቴን አውልቄዋለሁ፣ ራሴንም ያመኛል፤ አማቴ ወንድ ሲሆን እንደዚያ ነው ብለውኛል። መልስዎን በጉጉት እጠብቃለሁ።

ግራ የገባኝ ነፍሰ ጡር፣ ከአዲስ አበባ»

ውድ ጠያቂዬ፣ ደብዳቤሽን ከጨረስኩት በኋላ ወደ መጨረሻው መስመር ተመልሼ ደግሜ አነበብኩት። አድራሻ ብትጽፊ ኖሮ ጋዜጣው እስኪወጣ አልጠብቅም ነበር። «በተረፈ» ብለሽ ያስገባሻት ነገር ከሁሉም ትበልጣለችና ከእሷ ልጀምር።

በሰባተኛው ወር እግር ቢያብጥ ብዙ አያስደነግጥም። ቀኑን ሙሉ ቆማ የዋለች፣ ወንበር ላይ የዋለች ነፍሰ ጡር ማታ ማታ እግሯ ያብጣል፤ ያንቺም ሥራ ቁጭ ብሎ መዋል ነው። ፊትና እጅ ማበጥ፣ በዚያ ላይ ራስ ምታት ሲጨመርበት ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ከ20ኛው ሳምንት በኋላ የሚመጣ፣ የደም ግፊትን ከፍ የሚያደርግና ኩላሊትን፣ ጉበትን፣ አንጎልን ሊነካ የሚችል የእርግዝና በሽታ አለ። ሐኪሞች ፕሪኢክላምፕሲያ ይሉታል። ሲብስ ያንቀጠቅጣል፤ ራስንም ያስታል፤ እናትንም ልጅንም ሊገድል ይችላል። አንቺ ይዞሻል እያልኩ አይደለም። እኔም ከዚህ ወንበር ላይ ሆኜ ላውቅ አልችልም፤ አማትሽም ከመደባቸው ላይ ሆነው ሊያውቁ አይችሉም። የሚያውቀው የግፊት መለኪያና የሽንት ምርመራ ነው። ሁለቱም ጤና ጣቢያ አሉ፣ ሁለቱም ብዙ ጊዜ አይፈጁም። የላይኛው ቁጥር 140፣ ወይም የታችኛው 90 ከሆነ ወይም ካለፈ ወደ ቤት የሚያስመልስ ነገር አይደለም።

ስለዚህ ይህን እንዳነበብሽ ተነሺ። ነገ አይደለም፤ ቀጠሮ እስኪደርስም አይደለም። ተራ ያዢ ካሉሽ «የሰባት ወር ነፍሰ ጡር ነኝ፤ ፊቴ አብጧል፤ ራሴን ያመኛል» በያቸው። ይህቺን ዓረፍተ ነገር የሰማ ባለሙያ ከወረፋ ያወጣሻል። ዓይንሽ ብዥ ካለ፣ ከጎድን አጥንትሽ ሥር ከላይ በኩል ሆድሽን ካመመሽ ወይም ራስ ምታቱ አልለቅ ካለሽ ደግሞ ሌሊትም ቢሆን ሆስፒታል ነው። አለቃሽ ፊቱን እንደፈለገ ያጥቁር። ይህን የምታነቡ ሌሎች አንባብያንም ነገሩ የምታውቋትን ሴት ከመሰለ ደውሉላት፤ የተሳሳተ ሰው ጋ ብትደውሉ ምንም አትጎዱም።

በነገራችን ላይ ፊት ማበጥና የልጁ ወንድ መሆን ምንም አይገናኙም። ለአማትሽ በትሕትና ንገሪልኝ።

አሁን ወደ እህትሽ ክብ እንሂድ። ነገሩ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ በአሜሪካ፣ በኮኔቲከት ግዛት ነው። ሻሮን ሺንድለር ራይዚንግ የምትባል አዋላጅ ነርስ ነች ያመጣችው። ቀኑን ሙሉ ለእያንዳንዷ ሴት ያንኑ ምክር ስትደጋግም መዋሏን አሰበች፤ ለምን አንድ ላይ አይቀመጡም? አለች። ስሙንም ሴንተሪንግ ፕሬግናንሲ አለችው። ከ8 እስከ 12 የሚሆኑ፣ በአንድ ሰሞን የሚወልዱ ሴቶች ይሰበሰቡና እስኪወልዱ ድረስ አሥር ጊዜ ያህል ይገናኛሉ። እያንዳንዱ ስብሰባ ከአንድ ሰዓት ተኩል እስከ ሁለት ሰዓት ይፈጃል። ሴቶቹ እንደደረሱ ክብደታቸውንና ግፊታቸውን ራሳቸው ለክተው በካርዳቸው ላይ ይጽፋሉ። አዋላጇ በክፍሉ አንድ ጥግ በተነጠፈ ፍራሽ ላይ አንድ በአንድ ሆዳቸውን ትዳስሳለች፤ የልጁን የልብ ምት ታዳምጣለች። ከዚያ ሁሉም ወደ ክቡ ይመለሳል፤ ጨዋታው ይጀመራል። እህትሽ ያስለቀሳት «ሰው ፊት» የተባለው ነገር እንግዲህ ይኼ ነው፤ ክቡ ውስጥ ሆዱን የሚገልጥ ሰው የለም።

ታዲያ ይጠቅማል ወይ? እ.ኤ.አ. በ2007 የታተመ፣ 1,047 ወጣት ሴቶችን በዕጣ ለሁለት ከፍሎ ያወዳደረ የአሜሪካ ጥናት ነበር። በቡድን ከተከታተሉት መካከል ያለ ጊዜያቸው የወለዱት ከመቶ 10 አይሞሉም፤ ለብቻቸው ከተከታተሉት ደግሞ ወደ 14 ይጠጋሉ። ይህ ወሬ ዓለምን ዞረ። እኛም ደስ የሚለውን ብቻ ጽፈን ብናልፍ ማን ይጠይቀናል? ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣው፣ በደቡብ ካሮላይና ከሁለት ሺህ በላይ ሴቶችን የያዘ ጥናት በሁለቱ መካከል ይህ ነው የሚባል ልዩነት አላገኘም። በሩዋንዳም በ36 ጤና ጣቢያዎች ተሞክሮ እ.ኤ.አ. በ2021 ውጤቱ ሲወጣ፣ ልጆቹ የተወለዱበት ሳምንት በሁለቱም ወገን አንድ ዓይነት ሆኖ ተገኘ። ስለዚህ «ክብ መቀመጥ ያለ ጊዜ መውለድን ያስቀራል» የሚል ሰው ካጋጠመሽ ያጋነነ ነው። ከዓለም ጤና ድርጅት እንኳ እ.ኤ.አ. በ2016 የተሰጠው ምክር ጥንቃቄ የተሞላበት ነው፤ ሴትየዋ ከፈለገች፣ ቦታውና ባለሙያው ካለ፣ በጥናት እየተፈተሸ ይሁን ነው ያለው።

«እና ምኑ ይጠቅማል?» እንዳትዪኝ። ጥቅሙ ሌላ ቦታ ነው የተገኘው። በናይጄሪያ ናሳራዋ ግዛትና በኬንያ በአንድ ላይ ተሞክሮ እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣውን ውጤት ተመልከቺ። በናይጄሪያ በቡድን ከተከታተሉት ሴቶች ሦስት አራተኛ ያህሉ በጤና ተቋም ወለዱ፤ በተለመደው መንገድ ከተከታተሉት ግን ከግማሽ ትንሽ ከፍ የሚሉት ብቻ ናቸው። በኬንያ ደግሞ በወሊድ በኩል ያን ያህል ለውጥ አልታየም። ለምን? ቀድሞም አብዛኞቹ ጤና ተቋም ይወልዱ ስለነበር ነዋ! በሁለቱም አገር ግን አራት ጊዜና ከዚያ በላይ የተከታተሉት በዙ። እኔ ከዚህ የገባኝ፣ ክቡ የሚሠራው አገሩ የጎደለውን ሲሞላ ነው። እኛ ምን እንደጎደለን ደግሞ ታውቂዋለሽ፤ እ.ኤ.አ. በ2019 በአገራችን በተደረገው ጥናት ከመቶ ነፍሰ ጡሮች 74ቱ ቢያንስ አንድ ጊዜ በባለሙያ ሲታዩ አራት ጊዜና ከዚያ በላይ የሄዱት 43 ብቻ ናቸው። የቀሩት መንገድ ላይ ጠፉ። አንቺም ሦስተኛውን ቀርተሻል አይደል?

የሚገርመው፣ ይህ ነገር በየአገሩ ሲሄድ መልኩን ይለውጣል። ፈረንጅ ያደረገውን እንዳለ የገለበጠ አገር ብዙም አላየሁም። በማላዊና በታንዛኒያ ሲሞከር የአገሩ ደንብ አራት ክትትል ብቻ ስለነበር አሥሩ ስብሰባ በዚያ ልክ ተሰፋ። ሩዋንዳ ደግሞ የመጀመሪያውን ምርመራ ለብቻ አድርጋ ቀጣዮቹን በቡድን አደረገች፤ ክቡንም ነርሷ ብቻዋን አትመራውም፤ ከመንደሩ የጤና ሠራተኛ ጋር ሆና ነው። ይህቺ ትልቅ ብልሃት ነች። ነርሷ ነገ ወደ ሌላ ክፍል ብትዛወር እንኳ ሴቶቹ የሚያውቁት ፊት አይጠፋም። በጋና ብዙዎቹ እናቶች ማንበብ ስለማይችሉ ጽሑፉ ቀርቶ በሥዕል ካርድና በተረት ተተካ፤ ሴቶቹ የሰሙትን በራሳቸው አፍ መልሰው እንዲናገሩ ይደረጋል። «ገባሽ?» ሲሏት «አዎ» ብላ መውጣት የለም።

እኔን ከሁሉ ያስደሰተኝ የስዊድኑ ነው። እዚያ ለሶማሌ ስደተኛ እናቶች የተዘጋጀ ቡድን ነበር፤ ስሙም ሁዮ፣ በሶማሊኛ እናት ማለት ነው። አስተርጓሚ አብሯቸው ይቀመጣል። ምርመራው ግን በክቡ ጥግ አልሆነም። እያንዳንዷ ከአዋላጇ ጋር ለብቻዋ ትታያለች፤ ወሬው ብቻ በጋራ ነው። ስዊድኖቹ ክቡን ለሴቶቹ አስተካከሉት እንጂ ሴቶቹን ለክቡ አላስተካከሉም። በኔዘርላንድም እ.ኤ.አ. ከ2010ዎቹ መጀመሪያ ወዲህ አዋላጆች ይሠሩበታል፤ እዚያ የእርግዝና ክትትል ከድሮም በአዋላጅ እጅ ስለሆነ ነገሩ ብዙ አልከበዳቸውም።

ወደ አገራችን ስንመጣ፣ «እኛ አገር የለም» ማለትም ልክ አይሆንም። የገጠር ዘመዶች ካሉሽ ጠይቂያቸው፤ የነፍሰ ጡር እናቶች ኮንፈረንስ የሚባል አለ። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች በየቀበሌው ነፍሰ ጡሮችን ይሰበስባሉ፤ ስለ አደጋ ምልክት፣ ስለ ምግብ፣ ጤና ተቋም ስለ መውለድ ይመካከራሉ። ጥሩ ነው። ነገር ግን በአብዛኛው ምክር ነው፤ ምርመራው ሌላ ቀን፣ ሌላ ቦታ፣ ሌላ ወረፋ ነው። የእህትሽ ክብ ልዩነቱ ሁለቱን በአንድ ቁጭታ መጨረሱ ላይ ነው።

አንዲት የማውቃት አዋላጅ ነርስ አለች፤ አዲስ አበባ ውስጥ በጤና ጣቢያ ለዓመታት ሠርታለች። ደብዳቤሽን አነበብኩላት። መጀመሪያ ሳቀች፣ ቀጥሎ ዝም አለች። «አሥር ሴት በክብ የሚያስቀምጥ ክፍል አሳየኝና እኔ ነገ እጀምራለሁ» አለችኝ። ከዚያ ወረቀት አውጥታ ማስላት ጀመረች። አሥር ሴት፣ ለእያንዳንዷ አሥር ደቂቃ ቢሰጥ 100 ደቂቃ ነው፤ ክቡም ከዚያ ብዙ አይርቅም። እንደዚያ ሲሰላ ጊዜ አይጨምርም። ግን እንዳንቺ አምስት አምስት ደቂቃ ከሆነ 50 ደቂቃ ነውና ክቡ እጥፉን ይወስዳል! ደጅ ያለው ወረፋስ? ባልሽ ቅብጠት ያለው ለዚህ ከሆነ ግማሽ እውነት አለው። የዘነጋው አንቺ ያጠፋሽውን ሦስት ሰዓት ተኩል ነው። የነርሷ ደቂቃ ይቆጠራል፤ የነፍሰ ጡሯ ጊዜ ግን ማንም ጋ አይቆጠርም። ክብ ውስጥ የተቀመጠች ሴት ሁለት ሰዓት ብትቆይ ሁለቱም ሰዓት የእሷ ነው።

ሌላም ነገር አነሳችልኝ። ቡድን ለመሥራት በአንድ ሰሞን የሚወልዱ ሴቶች ያስፈልጋሉ፤ ለዚያ ደግሞ ቶሎ መምጣት አለባቸው። እኛ ዘንድ ግን ስንቱ ነው በጊዜ የሚመጣው? አንዷ ዓይን ፈርታ፣ አንዷ ሥራ ይዟት፣ አንዷ እርግዝናው እርግጥ እስኪሆን ስትጠብቅ አራተኛ አምስተኛ ወር ይገባል። አማትሽን አልወቅስም፤ የፈሩት አንቺን ከመውደድ ነው። ግን ለጎረቤት አለመናገርና ለሐኪም አለመናገር አንድ አይደለም። ጤና ጣቢያ ገብታ ካርድ ያወጣች ሴት ለማንም አልተናገረችም፤ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት የሚደረገው የደም ምርመራ ደግሞ በሰባተኛው ወር ያን ያህል አይጠቅምም።

ሦስተኛው ነገር ምስጢር ነው። በእርግዝና ክትትል የኤች አይ ቪ፣ የቂጥኝ፣ የጉበት ቫይረስ ምርመራ ይደረጋል። ይህ መቼም በክብ አይነገርም፤ በየትም አገር አይነገርም፤ ውጤት ለብቻ ነው። ግን አንዷ ሴት ምርመራው ካለቀ በኋላም ቆይታ ከነርሷ ጋር ብታወራ ሌሎቹ ዓይን ላይ ትወድቃለች። የማውቃት አዋላጅ መላ ያለችው ምን መሰለሽ? ሁሉም ሴቶች በየተራ ለብቻቸው አምስት አምስት ደቂቃ ይግቡ፤ የሚነገራት ያላትም የሌላትም። ያኔ ማን ምን እንደተነገረው አይታወቅም። እኔ ይህቺን ከስዊድኑ ጋር ሳስተያያት ለአዲስ አበባ የሚሆነው ይኼኛው ይመስለኛል፤ ምርመራው በመጋረጃ፣ ጨዋታው በጋራ። ሆድ በፍራሽ ላይ ሰው ባለበት ክፍል ማስዳሰሱ ይቅርብን።

ባሎችስ ይግቡ? አሜሪካ ይገባሉ። እኔ በየስብሰባው ባይገቡ እመርጣለሁ፤ አንዲት ሴት ወንድ ባለበት ስለ ፈሳሿ፣ ስለ ኪንታሮቷ፣ ስለ አልጋው ነገር አትጠይቅም። አንድ ሁለት ጊዜ ግን ይምጡ፤ በተለይ ስለ አደጋ ምልክት ሲወራ። ሌሊት ታክሲ የሚፈልገው እሱ ነው።

የቡና ነገር ደግሞ አለ። ብዙ ሰው «እኛ እኮ ድሮም ቡና ላይ እናወራዋለን፤ ምን አዲስ ነገር አለው?» ይላል። እውነት ነው፤ ግን ቡና ላይ ሁሉም ሐኪም ነው! ወተትና እርጎ አትጠጪ፣ ልጁ ላይ ይለጠፋል የሚባለውን ያልሰማሽ ነፍሰ ጡር ካለሽ እጅሽን አውጪ። ልጁ ሲወለድ ገላው ላይ የሚታየው ነጭ ነገር ማህፀን ውስጥ ቆዳውን የሚጠብቅለት እንጂ እናቱ የጠጣችው ወተት አይደለም። ይህን ወሬ ነርሷ በአምስት ደቂቃ ውስጥ አትሰማውም፤ ማን ይነግራታል? ክቡ ውስጥ ግን አንዷ «አማቴ እንዲህ አሉኝ» ስትል ሌላዋ «እኔንም!» ትላለች፤ ነገሩ ፀሐይ ላይ ይወጣል። ባለሙያዋም እዚያው አለች። ቡናው የጎደለው እሷን ነው።

ቡናን ካነሳን ስለ አይረኑ ክኒን ልንገርሽ፤ ብዙዎቻችሁ ስለምትጥሉት። ከቡናና ከሻይ ጋር ከወሰድሽው ሰውነትሽ በደንብ አያገኘውም፤ አንድ ሁለት ሰዓት አራርቂው። ብርቱካን ወይም ሎሚ ግን ያግዘዋል። ሰገራ ቢያጠቁር አትደንግጪ። ካቅለሸለሸሽ ማታ ከመኝታ በፊት ውሰጂው። «ልጁን ያገዝፈዋል» የሚባለው ደግሞ ለአንቺ ደም እንጂ ለልጁ ስብ የሚሆን አይደለም።

ወደ ሦስት ጓደኞችሽ ልምጣ። ተሰብሰቡ፤ በደንብ ተሰብሰቡ! ግን ስብሰባችሁ ጤና ጣቢያውን አይተካም። በመንግሥት ጤና ጣቢያ የእርግዝና ክትትልም ወሊድም በነፃ ነው፤ ለዚያ የሚሆን ሰበብ የለም። እኔ ብሆን አራታችሁንም በአንድ ጤና ጣቢያ፣ በአንድ ቀን ቀጠሮ እንድትይዙ አደርግ ነበር። ወረፋው ያው ሦስት ሰዓት ነው፤ ግን አራት ሆናችሁ ስትጠብቁት ክቡ እዚያው አግዳሚው ላይ ተጀመረ ማለት ነው። ጥያቄያችሁን አስቀድማችሁ ጻፉ። አንዷ ስትገባ የሌላዋን ጥያቄ ጭምር ትጠይቅ፤ ስትወጣ ትንገራችሁ። አንቺ «ደጅ ስንት ሰው አለ» ስትባዪ አፍሽን ዘጋሽ፤ ከአራት አንዷ ግን አትዘጋም፤ መቼም አንድ ደፋር አታጡም።

ገንዘብ አዋጥታችሁ በክንድ ላይ የሚታሰር የግፊት መለኪያ መግዛት ከቻላችሁ ደግሞ እሰየው። መድኃኒት ቤት ይሸጣል። በእጅ አንጓ ላይ የሚታሰረውን ተዉት። ስትለኪ አምስት ደቂቃ ቁጭ ብለሽ አርፈሽ፣ እግርሽን ሳታነባብሪ፣ ክንድሽን በልብሽ ትክክል አስደግፈሽ ይሁን፤ እየለካሽ አታውሪ። ቀኑንና ቁጥሩን ጻፊ። ቁጥሩ ደህና ነው ብለሽ ግን ክትትል እንዳትቀሪ፤ ሽንትሽንና የልጁን የልብ ምት ያ ማሽን አያይም። አንዳችሁ የታዘዘላትን ክኒን ሌላዋ እንዳትውጥ። የልጅ እንቅስቃሴ ቀነሰ፣ ደም ታየ፣ ውሃ ፈሰሰ፣ ትኩሳት መጣ ያለች ጓደኛ ካለች ስብሰባው እዚያው ላይ ይቋረጥ፤ አጅባችሁ ውሰዷት። የመኪና ገንዘብ ማን ጋ እንደሚቀመጥ፣ ደም ቢያስፈልግ ማን እንደሚሰጥ፣ ሌሊት ማን ስልኩን እንደማያጠፋ አሁኑኑ ተነጋገሩ።

አማትሽንም ጥሪያቸው። በእውነት ነው የምልሽ። ቡናውን እሳቸው ያፍሉ፤ እንዴት እንደወለዱ ያጫውቷችሁ። ስንት ጊዜ ወለዱ? ስንቱ ቤት፣ ስንቱ ሆስፒታል? እሳቸው ጋ ያለው ፍርሃት ከየት እንደመጣ ያኔ ትሰሚዋለሽ፤ ምናልባት ለማንም ያልተናገሩት ነገር ይኖር ይሆናል። የዓይኑም ነገር በክብ ውስጥ እሳቸው ካሉበት ትንሽ ይቀልላቸዋል ብዬ እገምታለሁ።

እህትሽን ደግሞ አንድ ነገር ለምኝልኝ። ክባቸው ውስጥ ስለ ምን እንደሚያወሩ በየስብሰባው ጽፋ ትላክልሽ፤ አራታችሁ በአማርኛ ታደርጉታላችሁ፤ የማይሆነውን ትተዉታላችሁ።

አንቺ ግን ከዚህ ሁሉ በፊት ተለኪ። ስትመለሺ የተጻፈልሽን ቁጥር፣ ላይኛውንም ታችኛውንም፣ የሽንቱንም ውጤት ጨምረሽ ጻፊልኝ። ስምሽን ተዪው፤ «ቀለበቷን ያወለቀችው» ብትዪ አውቅሻለሁ።